ነሐስን ከምስማር የሚለይ መሣሪያ

የምስክሯ መጠሪያ፦ እትዬ መርፌ (በሰፈሩ የምትታወቅበት)
ዕድሜ፦ 57
ሥራ፦ ልብስ ሰፊ
አድራሻ፦ ከተዘጋው ጡብ ፋብሪካ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር ያለው ቤት
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡30

በፋብሪካው ግቢ ስለተገኘው ሳጥን ተጠይቄ የማውቀውን እናገራለሁ። ባለቤቴ የዛሬ 26 ዓመት በዚሁ ፋብሪካ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበር። በዚያ ዓመት በጣለው ከባድ ዝናብ ኮረብታው ተንዶ የግምጃ ቤቱን የኋላ ክፍል ቀበረው። የፋብሪካው የሙዚቃ ቡድን አራት የነሐስ ጥሩምባዎች የተቀመጡበት ሳጥንም አብሮ ጠፋ። ባለቤቴ ሳጥኑ ከአፈሩ ሥር ነው ቢልም፣ የቡድኑ መሪ ቀደም ብሎ ሸጦታል ሲል አመለከተበት። ማስረጃ ስላልተገኘ ባይታሰርም ከሥራው ተሰናበተ። ፋብሪካውም ወዲያው ስለተዘጋ ቆፍሮ ያየ የለም። ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ የቡድኑን መሪ ከሩቅ ሲያይ መንገድ ይቀይር ነበር።

ከአፈር ሥር ያለ ብረት የሚፈልግ መሣሪያ በከተማው መሸጥ መጀመሩን ስለሰማን፣ ባለፈው ሐሙስ ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ለመግዛት አብረን ወደ ሱቅ ሄድን። የባለቤቴ ዓይን ያረፈው ትልቁ ላይ ነበር። ሻጩም፣ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ጥልቅ ድረስ ነው የሚያይልዎት» እያለ ያሞካሽለታል። እኔ ግን የግምጃ ቤቱ መሬት ምስማር ብቻ መሆኑን ስለማውቅ፣ ከቦርሳዬ አንድ የካፖርት የነሐስ ቁልፍ አውጥቼ ከሻጩ ከተቀበልኩት እፍኝ ምስማር ጋር በሱቁ ጓሮ አፈር አለበስኳቸው። ትልቁ መሣሪያ ሳይመርጥ በሁሉም ላይ ጮኸ። ሁለተኛው ጭራሽ ዝም አለ። ሦስተኛው፣ ቀለል ያለው፣ ምስማሩን በወፍራም፣ ቁልፉን በቀጭን ድምፅ ለያቸው። የባለቤቴንም ትከሻ ስለሚያመው ቀላልነቱን ወደድኩት። ባለቤቴ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ዕድሜሽን ሙሉ የወደቀ መርፌ ስትፈልጊ ተክነሽበታል!» ብሎ ሳቀና ገዛነው።

ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት የፋብሪካውን ዘበኛ አስፈቅደን ገባን። ባለቤቴ ጆሮው ስለደከመ እሱ መሣሪያውን ሲያንቀሳቅስ እኔ በማዳመጫ እሰማ ነበር። እስከ 6 ሰዓት ወፍራም ድምፅ ብቻ ሆነብኝ። ባለቤቴ ተስፋ ቆርጦ እንሂድ ሲለኝ፣ ከፈረሰው ግድግዳ ሥር ቀጭኑ ድምፅ መጣ። «ቁም! እዚሁ!» ብዬ ጮኽኩ። የባለቤቴን ትከሻ ስለሚያመው አካፋውን እኔ ያዝኩ፤ ሲደክመኝ ዘበኛው ተቀበለኝ። አፈሩ በየዓመቱ በዝናብ ስለታጠበ ጉልበት ያህል ስንቆፍር የበሰበሰ የሳጥን ክዳን ተገኘ። ባለቤቴ ጥሩምባዎቹን አንድ በአንድ ቆጥሮ አራት መሆናቸውን ሲያይ አፈሩ ላይ ተቀምጦ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ዘበኛው ለፖሊስ ደወለ።

ከቀኑ 8፡30 ላይ የቡድኑ መሪ ወሬውን ሰምቶ ከዘራውን ተደግፎ መጣ። ጎንበስ ብሎ ሳጥኑን አየ። ቀጥሎም፣ «ወንድሜ፣ ስምህን አጠፋሁት። ይቅር በለኝ» አለ። ባለቤቴ ደህና የሆነውን ጥሩምባ አንስቶ ሰጠውና፣ «በመጀመሪያ ንፋውና ልስማው» አለው። ሰውየው የጥሩምባውን አፍ በኮቱ ጠርጎ ነፋ። ጭቃ ወጣ፣ ከዚያም እንደ ጥጃ ያለ ድምፅ ተሰማ። ባለቤቴ በዚያ በሚያመው ትከሻው ጨፈረ። የመጡት ፖሊሶች ሳቁ፣ እኔም አጨበጨብኩ። ሁለቱ ተቃቅፈው አለቀሱ።

ቃሌ ተነብቦልኝ ልክ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። መርማሪው «ጨፈረ» የሚለው ለጉዳዩ አያስፈልግም ቢሉኝም እንዲሰረዝ አልተስማማሁም፤ በዓይኔ ያየሁት እውነት ነውና።

የምስክሯ ፊርማ፦ (ተፈርሟል)
ቃሉን የተቀበሉት መርማሪ ፊርማ፦ (ተፈርሟል)