እንግዳ አልሆንም ያለችው ፈረንጅ

በእኛ ጊዜ ፈረንጅ ማለት በመኪና መስኮት እጁን አወዛውዞልን ወደ ደብረ ዘይት የሚያልፍ ሰው ነበር። ወርዶ ከእኛ ጋር የሚኖር አላየንም። ታዲያ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ እዚሁ ቃሊቲ፣ ግቢዬ ውስጥ ያለችውን ክፍል ክላራ የምትባል የዴንማርክ ልጅ ተከራየች። በጎ ፈቃደኛ ናት፣ ከመናኸሪያው ወዲያ ባለው ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ልታስተምር ለአንድ ዓመት የመጣች፣ እና እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩ ሰው ነኝና ቶሎ ተግባባን።

እና ምን ልበላችሁ፣ ሰፈሩ ጋበዛት። ሰርግ ይጠሯታል፣ ክርስትና ይጠሯታል፣ ባለ ሱቁ ሐጂ ደግሞ ለኢድ ይጠሯታል። በሄደችበት ሁሉ ትልቁ ሶፋ ላይ ናት፣ ለስላሳ በእጇ ይዛ። ብድግ ስትል «ኧረ ቁጭ በይ»፣ ሳህን ስታነሳ «ኧረ በሞቴ»። ታዲያ አንድ ቀን ከሰርግ ተመልሳ ደጃፌ ላይ ቁጭ አለችና፣

«ጋሼ፣ ደከመኝ» አለችኝ።

«ሥራው ነው?»

«መቀመጡ ነው። ዓመቱ ሊጋመስ ነው፣ እስካሁን የማንም ቤት አንድ ሽንኩርት አልላጥኩም። እንግዳ ሆኜ መጣሁ፣ እንግዳ ሆኜ አልመለስም።»

ሳቄን ዋጥኩት፣ ልጅቷ የምሯን ነው።

«እንግዲያው እድር ግቢ» አልኳት።

«እድር ምንድን ነው?»

«አንቺ ሰው ለቅሶ ላይ ትሠሪያለሽ፣ በአንቺ ለቅሶ ደግሞ ሰው ይሠራል።»

«እኔ እዚህ የምሞት አይመስለኝም።»

«ለእኛም አይመስለንም፣ ግን እናዋጣለን» አልኳት።

ታዲያ የእድሩ ስብሰባ ላይ ይዣት ሄድኩ። ሰብሳቢው አቶ ሙሉጌታ ጉሮሮውን ጠረገና፣ ድምፁን እንዲህ ጎተት አድርጎ፣ «ክብራችን ነው፣ ትልቅ ክብር ነው፣ ነገር ግን ልጅቷ ሂያጅ ናት» አለ። እትዬ በላይነሽ ከኋላ ተነሣች፤ ክር ፋብሪካ ያረጀች ሴት ናት፣ የማሽን ድምፅ አሸንፋ ማውራት የለመደች።

«ሂያጅ ያልሆነ ማን አለ? ገላን ኮንዶሚኒየም የደረሳቸው ሁሉ ሄደው የለም? ትግባ። ግን እንደ ማናችንም ናት፤ ለቅሶ ላይ ያረፈደች ሴት ድስት ታጥባለች።»

ሕጋቸው ነው፣ የሴቶቹ ሕግ፤ በጠዋት ያልደረሰች፣ ከቀብር መልስ ትልልቁ ድስት የእሷ ነው። ክላራ፣ ተርጉሜ ሳልጨርስላት፣ «እሺ» አለች።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ቅዳሜ ጓደኞቿ፣ መሀል ከተማ የሚኖሩት በጎ ፈቃደኞች፣ ሚኒባስ ይዘው መጡና ቢሾፍቱ ሐይቅ ሊዋኙ ይዘዋት ሄዱ። እና ከሄደች በኋላ ጡሩንባ ተነፋ፣ ጎረቤታችን አቶ ደምሴ አርፈዋል። ደወልኩላት።

«እንድታውቂው ብዬ ነው፣ ማንም አይወቅስሽም፣ ተዝናኚ» አልኳት።

«ጋሼ፣ ድንኳኑ የት ነው?» አለችኝ።

ለካ ጓደኞቿን ሐይቁ ዳር ትታ አስፋልት ወጥታ ታክሲ ይዛለች። መንገዱን ታውቁታላችሁ፣ የጭነት መኪናው ጅራት ለጅራት ተያይዞ። ስትደርስ እኛ ከቀብር ተመልሰን ምግብ ተነሥቷል። ፀጉሯ እንደረጠበ ነጠላ ጣል አድርጋ ገባች፣ እና ወንዶቹ ተሯሩጠው ወንበር አመጡላት።

«እንግዳ ናት፣ ይለፋት» አለ አቶ ሙሉጌታ።

ክላራ ወንበሩን አየችው፣ አልተቀመጠችም። «ያረፈደች ምን ታደርጋለች?»

ሙሉጌታ «ኧረ ነውር ነው» ማለት ሲጀምር እትዬ በላይነሽ አቋረጠችው።

«አባል ናት አይደለችም? ከሆነች ይኸው ሽቦ፣ ይኸው ሳሙና።»

እና ክላራ ከድንኳኑ ጀርባ ተንበርክካ ድስት አጠበች፣ ያ የእድሩ ድስት ደግሞ ሰው ያስገባል። ስትጨርስ እትዬ በላይነሽ መጣች፣ የድስቱን ቂጥ በጣቷ አሸት አሸት አደረገችና፣

«ጥላሸቱ አልለቀቀም፣ ድገሚው» አለቻት።

የክላራን ፊት ብታዩት። በዚያ ሁሉ ሰርግ፣ በዚያ ሁሉ ሶፋ ላይ፣ እንዲህ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም።

«እና ደገመችው፣ ጋሼ?» ትሉኝ ይሆናል።

ደገመችው እንጂ። ደግሞ ክላራ ድገሚ ተብላ በዚያው የምትተወው መስሏችኋል? ባለፈው ለቅሶ ባለቤቴ አረፈደች፤ ሽቦውን ይዛ በር ላይ የጠበቀቻት ማን ነበረች?