የአራሷ ማንጎ

ሲቀላ በሚባለው ገበያ ማንጎ ገዝቼ የባንክ ካርዴን ሳወጣ ሻጯ ሳቀችብኝ። «ጋሼ፣ የካርድ ማሽኑን እኛ በምን አቅማችን? ይቺን በስልክዎ ስካን ያድርጉ» ብላ ኮድ የታተመባት ወረቀት ሰጠችኝ። ስካን ሳደርግ «አስቴር» የሚል ስም መጣ።

«አስቴር ነሽ?» አልኳት።

«አይ፣ አይደለሁም።»

ደሜ ፈላ። «ታዲያ በሰው ስም ነው የምትሰበስቢው? ሌባ!» ብዬ ጮኽኩባት። እሷ ግን አልተቆጣችም፤ አጠገቧ ያለውን ባዶ መደብ አሳየችኝ። «አስቴር አራስ ናት። እስክትነሳ ተራ ገብተን እንሸጥላታለን። በዚች ወረቀት ብሯ ቀጥታ እሷ ጋ ይገባል።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከፈልኩና «ያንቺስ ማንጎ የታለ?» አልኳት። ከኋላዋ በጆንያ ወደተሸፈነ ክምር በአገጯ ጠቆመችኝ።

«እሱማ የአራሷ ሳያልቅ አይገለጥም።»