«ማን ከፈተልሽ?»

ድሬዳዋ፣ በንጉሡ ዘመን፣ የአንድ ፍርድ ቤት የምሳ እረፍት፤ ዐቃቤ ሕጉ አቶ ሣህሉ ባሏ ወልደሰንበት በሽጉጥ የተገደለባትን ወይዘሮ እቴነሽን፣ በዘበኛዋ በጉርሜሳ ላይ ዋና ምስክር አድርጎ ያቆማትን ሴት፣ ቢሮው አስጠርቶ በሩን ከዘጋ ገና ደቂቃ አልሞላውም፤ ችሎቱ ስምንት ሰዓት ላይ ይቀጥላል።

እቴነሽ፦ እና የት ልሁን? «ይቀመጡ» ነው የተባልኩት ወይስ «ተቀመጪ»?

ሣህሉ፦ አትቀልጂብኝ እቴነሽ። አፌን አዳለጠኝ።

እቴነሽ፦ የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ጠዋቱን ሙሉ «ወይዘሮ እቴነሽ ምን አዩ፣ ወይዘሮ እቴነሽ ምን ሰሙ» ስትል አርፍደህ፣ ያ ሁሉ ሰው በተሰበሰበበት «በሩን ማን ከፈተልሽ?» ትለኛለህ?

ሣህሉ፦ አንዲት «ሽ» ናት። በሙቀቱ ያሳብቧታል።

እቴነሽ፦ የጉርሜሳ ጠበቃ ብድግ አለ። ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። የሚስትህ እኅት ከኋላ ወንበር ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ይህን ሁሉ ሙቀት አደረገው በላቸው እንግዲህ።

ሣህሉ፦ እሷም ነበረች?

እቴነሽ፦ አላየሃትም? እኔ ሳይ የነበረው እሷን ነው። አንተን ማየት አስጠልቶኝ ነበር፤ ወንድ ልጅ ሲደነግጥ አያምርም።

ሣህሉ፦ ሃያ ዓመት ሙሉ በዚህ ሥራ ስኖር አንድም ቀን ቃል ስቼ አላውቅም።

እቴነሽ፦ ያለፈ አልፏል፤ ይልቅ ከሰዓት ስገባ ደህና አድርገህ ጠይቀኝ። «ከጎረቤት ሲመለሱ በሩን ማን ከፈተልዎ?» በለኝ፤ «ጉርሜሳ» እልሃለሁ። «መልኩ እንዴት ነበር?» በለኝ፤ «ዓይኑ ደም ለብሶ ነበር» እልሃለሁ። «ተኩሱን መቼ ሰሙ?» ስትለኝ፣ «ማድ ቤት ሳለሁ፣ አንድ ሰዓት ላይ፣ የጅቡቲው ባቡር ሲያፏጭ» እላለሁ። ከዚያ ሁላችንም ወደየቤታችን።

ሣህሉ፦ ጉርሜሳስ?

እቴነሽ፦ የጉርሜሳን ነገር እኔ ምን አውቃለሁ? ክሱን የጻፍከው አንተ።

ሣህሉ፦ የጻፍኩት እንዲወድቅ ነው። ስንቴ ልንገርሽ? ሌላ ዐቃቤ ሕግ እጅ ከሚገባ እኔ ልያዘው፣ ላላ ላድርገው፣ ዳኛው ራሳቸው «ይህ ማስረጃ አይሆንም» ብለው ይልቀቁት ብዬ ነው። አንቺም እሺ ብለሽኝ ነበር። «አላየሁም፣ ጨለማ ነበር» ልትዪ ነበር። የደም ለበሰው ዓይን ከየት መጣ? «ሽጉጡን ይዞ ቆሞ አገኘሁት» ያልሽውስ?

እቴነሽ፦ መስቀል መትቼ የቆምኩ ምስክር ነኝ፤ የመጣልኝን ተናገርኩ።

ሣህሉ፦ በዚያ ሰዓት ጉርሜሳ የት እንደነበረ ታውቂያለሽ።

እቴነሽ፦ የት ነበር?

ሣህሉ፦ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። እኔ ደጃፍ ነዋ! ባርኔጣውን አውልቆ፣ አንቺ የላክሽውን ወረቀት ይዞ። «ሰውዬው ከጅቡቲ ተመልሷል፣ ዛሬውኑ ድረስልኝ፣ አንብበህ አቃጥል» የሚለውን። የባቡሩን ፊሽካ አብረን ነው የሰማነው። «ዛሬስ ቀደመ» እንኳ ብሎኛል። ከእኔ ዘንድ ተመልሶ ግቢ ሲገባ ነው የያዙት።

እቴነሽ፦ ወረቀቱ አለ?

ሣህሉ፦ አቃጥል አልሽኝ፣ አቃጠልኩት።

እቴነሽ፦ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ሲሉ እሰማ ነበር። ለካ የሚለቅ ሞኝም አለ።

ሣህሉ፦ ሳቂ። ሦስት ወር ሙሉ እንቅልፍ የሚባል አላየሁም።

እቴነሽ፦ እና በነዚህ ሦስት ወራት ይህን ነገር ለማን ነገርክ?

ሣህሉ፦ ላንቺ እየነገርኩ አይደለም?

እቴነሽ፦ እኔማ አውቀዋለሁ። የማያውቁት ዳኛው ናቸው።

ሣህሉ፦ ጉርሜሳ አፉን ቢከፍት እኔም እከፍት ነበር። አልከፈተም። መጀመሪያ በጓሮ በር ያስገባኝ ቀን ስሜን ለማንም እንዳያነሣ ያስማልኩት እኔ ነኝ። ማለልኝ፤ ይኸው መሐላውን ይዞ ቁጭ ብሏል። ዛሬ ለእረፍት ሲያወጡት ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? እጁ በካቴና ታስሮ፣ ፖሊሱ ሳይሰማው ጎንበስ ብሎ «አይስጉ ጌታዬ፣ እኔ አልተናገርኩም» አለኝ። እኔን ነው የሚያጽናናው። ሊሰቀል ያለው እሱ፣ አይዞህ የሚባለው እኔ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እቴነሽ፦ ታማኝ ሰው ነው። ሌላ ሰው ያልላክሁት ለዚህ ነው።

ሣህሉ፦ ምን አልሽ?

እቴነሽ፦ ታማኝ ነው አልኩ።

ሣህሉ፦ ከዚያ ቀጥለሽ ያልሽውን።

እቴነሽ፦ ሰምተኸኛል። ምን ያስደግመኛል?

ሣህሉ፦ ሚስቴ ሐረር ለክርስትና መሄዷን፣ ሠራተኛዋንም ይዛት መሄዷን ማን ነገረሽ?

እቴነሽ፦ አንተ ነሃ። «ሰኞ ቤት ውስጥ ብቻዬን ነኝ» ብለህ እጄን ስመህ ሄድክ።

ሣህሉ፦ የሚያየን ሰው በሌለበት ሰዓት ላክሽው። እሱም እንዳይናገር፣ እኔም እንዳልናገር።

እቴነሽ፦ አሁን ገና ዐቃቤ ሕግ ሆንክ። ትርጉሙንስ የነገርከኝ አንተ አይደለህም? ዐቃቤ ማለት በግዕዝ ጠባቂ ነው አልከኝ። ቁጭ ብዬ ሳስበው ለካ ሁለት ዘበኛ ነበረኝ። አንዱ በር ይጠብቃል፣ አንዱ ሕግ ይጠብቃል። እኔን የጠበቀኝ ግን የለም።

ሣህሉ፦ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዲሉ፣ ጉርሜሳ ምን አደረገሽ?

እቴነሽ፦ ምንም አላደረገኝም። ወልደሰንበት ነፍሱን አይማረውና በቀበቶ ሲገርፈኝ ጉርሜሳ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማል። ጠዋት በሩን ከፍቶ «እንደምን አደሩ እመቤቴ» ይለኛል። ምንም አላደረገኝም ያልኩህ ይህን ነው።

ሣህሉ፦ ደሃ ነው። ምን ያድርግ?

እቴነሽ፦ እሺ፣ እሱ ደሃ ነው። አንተስ? ሁለት ዓመት «አፋታኝ» አልኩህ። ክንዴ ላይ ያለውን ሰንበር በጣትህ እየለካህ «ሽማግሌ ይየው፣ ነገሩ ጊዜ ይወስዳል፣ ስሜም ይነሣል» ትለኝ ነበር። ስምህ! ሰውዬው ጎኔን ሲሰብረኝ እንኳ ያንተን ስም አላነሣሁበትም።

ሣህሉ፦ ከሰዓት እናገራለሁ።

እቴነሽ፦ ምን ብለህ?

ሣህሉ፦ ሟች በተገደለበት ሰዓት ተከሳሹ ከእኔ ጋር ነበር ብዬ።

እቴነሽ፦ አንተስ ከማን ጋር ነበርክ ይሉሃል።

ሣህሉ፦ ከተከሳሹ ጋር።

እቴነሽ፦ አየህ? አንተ የእሱ ምስክር፣ እሱ ያንተ ምስክር። ደግሞም ሰውዬውን መግደል የሚፈልግ ማን ነው ብለው ማሰባቸው አይቀርም። በደመወዙ ልጆቹን የሚያሳድግ ዘበኛ? ወይስ የሟቹን ሚስት በአደባባይ «ማን ከፈተልሽ» የሚላት ሰው? ጌትዬው ላከው፣ አሽከሩ ተኮሰ ይላሉ። አንድ የነበረው ገመድ ሁለት ይሆናል። እኔ ያው ያዘነች ሚስት ነኝ።

ሣህሉ፦ ይህን ሁሉ ቁጭ ብለሽ አሰብሽው?

እቴነሽ፦ ማሰቢያ ጊዜማ ሰጥተኸኛል።

ሣህሉ፦ እቴነሽ፣ መቼም ቢሆን ወደሽኝ ታውቂያለሽ?

እቴነሽ፦ ወድጄሃለሁ። የሚያንገበግበኝም እሱ ነው። ባልወድህ ኖሮ ያን ጊዜ ለሌላ ሰው እጮህ ነበር። ከተማው ወንድ አላጣም።

ሣህሉ፦ እንግዲያው አንድ ነገር ብቻ በእውነት ንገሪኝ። ያን ዕለት «ድረስልኝ» ብለሽ ስትልኪብኝ፣ መልሴን ጠብቀሽ ነበር?

እቴነሽ፦ ምን መለስክ?

ሣህሉ፦ «ነገ እመጣለሁ በላት» አልኩት።

እቴነሽ፦ ይኸው።

ሣህሉ፦ ጠብቀሽ ነበር ወይ ነው ያልኩሽ። ወረቀቱን እጄ ላይ ሳያኖረው ነው ባቡሩ ያፏጨው። ተኩሱም ያኔ ነው።

እቴነሽ፦ መልስህን አውቀው ነበር ሣህሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ የምትመልሰው ያቺኑ አንዲት ቃል ነው። ለሷ ብዬ ከዚያ ሰውዬ ፊት ቆሜ ልጠብቅ?

ሣህሉ፦ ምናልባት ያን ዕለት እመጣ እንደሆነስ?

እቴነሽ፦ አልመጣህም።

ሣህሉ፦ አልመጣሁም።

እቴነሽ፦ እንግዲህ አንነጋገር። ስምንት ሊሆን ነው። ክራቫትህን አስተካክል፣ ፊትህን ታጠብ፣ ገብተህ እንደ ደንቡ ጠይቀኝ። ዓመት ሳይሞላ ይህም ይረሳል። ከተማው ስንቱን ረስቷል።

ሣህሉ፦ ጉርሜሳስ ይረሳኛል?

እቴነሽ፦ የሞተ ሰው ምን ያስታውሳል? ሁለት ልጆቹን እኔ አሳድግለታለሁ። ይህን አልነፍገውም።

ሣህሉ፦ ይህን ስትዪ እንኳ ድምፅሽ አይለወጥም።

እቴነሽ፦ ያንተ ስንቴ ተለወጠና። ስማኝ፤ አንተን ሃያ ዓመት ያወቁህ «ብርቱ ሰው» ይሉሃል። እኔ ሁለት ዓመት ነው የማውቅህ፤ ግን ከነሱ ይልቅ አውቅሃለሁ። ተነሥተህ በሩን ትከፍትልኛለህ፣ ወንበርህ ላይ ትቀመጣለህ፣ ዝም ትላለህ። ሌላ ምንም አታደርግም።

ሣህሉ፦ አንቺን ሳላስጠራሽ በፊት ያን ምሽት ከማን ጋር እንደነበርኩ፣ ምን ብለሽ እንደላክሽብኝ ሁሉ በእጄ ጽፌ፣ ፈርሜ፣ ለጉርሜሳ ጠበቃ ሰጥቼዋለሁ፤ ይህን ጊዜ ዳኛው እያነበቡት ነው። የጠራሁሽ ምናልባት «ጠብቄህ ነበር» ትዪኝ እንደሆነ ብዬ ነው።