በጠራራ ፀሐይ የተከፈተው ካሜራ

ሐዘናችንን ለመካፈል ከቅርብም ከሩቅም የመጣችሁ ወገኖቻችን፣ ይህ ጽሑፍ አንድ ቃል ሳይጎድል እንዲነበብ ሟቹ ራሳቸው አዘዋልና በትዕግሥት እንድትሰሙን እንለምናለን።

አቶ ጌጡ ሀብተማርያም ከአባታቸው ከቄስ ሀብተማርያም ገብረየሱስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ላቀች ሞላ በ1915 ዓ.ም. ይፋግ አጠገብ ተወለዱ። ዳዊት ከደገሙ በኋላ በጠላት ወረራ ዘመን ጎንደር ሄደው ከአንድ ጣሊያናዊ ፎቶ አንሺ ሙያውን ተማሩ፤ በ1944 ዓ.ም. ደብረ ታቦር ላይ ፎቶ ቤት ከፍተው፣ ከወይዘሮ ወርቅነሽ ፈንታሁን ጋር በተክሊል ተጋብተው ሙሉንና ካሳሁንን አፈሩ።

የዕለት እንጀራቸው ለቀበሌ መታወቂያ የሚሆን ጉርድ ፎቶ ነበር፤ ፍቅራቸው ግን ጣሊያን ሲሸሽ ጥሎት የሄደው የጦርነት ዘመን ካሜራ፣ ያ በትንሿ መስኮቱ ሁለት ሆኖ የሚታየውን ምስል አንድ አድርጎ ርቀት የሚለካው ነበር። ከየገጠሩ እያፈላለጉ አሥራ ስድስት ሰበሰቡ፤ ወይዘሮ ወርቅነሽም «ጣውንቶቼ» እያሉ ይቀልዱ ነበር። በአውራጃው የካሜራ ዋጋ የሚያውቅ ሌላ ሰው ስላልነበረ፣ ዋጋው እሳቸው ያሉት ነበር።

በ1971 ዓ.ም. ወይዘሮ ጥሩወርቅ ደሴ የሟች ባለቤታቸውን ካሜራ ይዘው ከእብናት መጡ። ልጃቸው ደሳለኝ ወደ ኦጋዴን ሲዘምት በዚያው ካሜራ ተነሥቶ፣ ፊልሙ ሳይታጠብ እሱ ከዘመተበት ሳይመለስ ቀርቶ ነበር፤ ሌላ ፎቶም አልነበረውም። አቶ ጌጡ ግን ካሜራውን ሲያዩ ልባቸው ተሰወረ፤ ለሙያ ተማሪዎቻቸው «መጀመሪያ ፊልም እንዳለው እዩ» የሚሉት ሰው፣ ሰላምታው እንኳ ሳያልቅ፣ ውስጡ ደኅና መሆኑን ለማየት ሱቃቸው ደጃፍ ላይ በጠራራ ፀሐይ ጀርባውን ከፈቱት። ወይዘሮ ጥሩወርቅ የመጡበትን ጉዳይ የተናገሩት ከዚያ በኋላ ነው።

ፊልሙ ብርሃን መትቶት ስለነበር ሲታጠብ ከዳር እስከ ዳር ጠቁሮ ወጣ። አቶ ጌጡም እውነቱን መናገር አቅቷቸው «አርጅቶ ተበላሽቷል» አሏቸው። ወይዘሮ ጥሩወርቅም «እግዜር ይስጥልኝ ስለ ድካምዎ፤ እንግዲህ ልጄ ከሌለበት ምን ያደርግልኛል?» ብለው ካሜራውን ትተውላቸው ሄዱ። ከአሥራ ሰባቱ ሁሉ በዋጋ የሚበልጠው ይኸው ነበር።

አቶ ጌጡ ለነፍስ አባታቸው ቢናዘዙ «ለእናቲቱ ተናገር» ተባሉ፤ ሁለት ጊዜ እብናት ደርሰው ወደ እናቲቱ ቤት ሳይዘልቁ ከገበያው ተመለሱ። በየዓመቱ ለደሳለኝ መታሰቢያ ጤፍ ይልኩ ነበር፤ ወይዘሮ ጥሩወርቅም ደግነት መስሏቸው ይመርቋቸው ነበር። ያ ምርቃት ከጉበት ሕመማቸው ይልቅ እንደጎዳቸው በአልጋ ላይ ሳሉ ለቤተሰባቸው እያለቀሱ ተናግረዋል።

አቶ ጌጡ ጥር 9 ቀን 1980 ዓ.ም. ዐረፉ። ከባለቤታቸው፣ ከሁለት ልጆቻቸውና ከሦስት የልጅ ልጆቻቸው ተለይተዋል።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ ከትናንት ጀምሮ እንደ እኅት ሲያለቅሱላቸው አይተናል። ካሜራው የእርስዎ ነውና ይረከቡን። አምላክ ነፍሳቸውን እንዲያሳርፍ አሁን ስንጸልይ፣ ሟቹ የለመኑት የመጀመሪያው አሜን ከእርስዎ እንዲወጣ ነው፤ ዝም ቢሉም የሚቀየምዎት የለም።