በበርበሬው ጆንያ ቀናሁ

ክቡራትና ክቡራን፣ የዝግጅት ክፍላችን ባልደረቦች፣ ከቡሬም ከባሕር ዳርም መንገድ አቋርጣችሁ ፍኖተ ሰላም የገባችሁ እንግዶች፤

ይህን ግብዣ ላሰናዳችሁልኝ ሁሉ፣ ከሁሉም በፊት ለኃላፊያችን ለወይዘሮ ትርሲት፣ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ትርሲት ዛሬ ጠዋት ደውላ «ጋሸ አለበል፣ ንግግርዎን ያሳጥሩልን፤ ምግቡ ይቀዘቅዛል» ብላኛለች። የሰውን ጽሑፍ ሁሉ ሳሳጥር ኖሬ በመጨረሻው ቀን ተራው ለእኔ ደረሰ። ፍርዱ ልክ ነው፤ ይግባኝ አልልም።

ለጋቢውም ለሰዓቱም አመሰግናለሁ። ጡረታ ለሚወጣ ሰው ሰዓት የምንሸልመው ለምን እንደሆነ ግን ዛሬም አልገባኝም። ሰዓቱን አይቶ ወዴት ሊሄድ ነው?

ወጉ ቢሆን ከዚህ ቀጥዬ ስለ ትጋትና ስለ ሥራ ፍቅር መናገር ነበረብኝ። እናንተ ግን የምትጠብቁት ያንን አይደለም። አውቃለሁ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠው አቶ ቢያድግልኝ የፊልም ሰው ነው፤ ከባሕር ዳር የመጣው እኔ ጋቢ ስለብስ ለማየት አይደለም። ከአጠገቡ ያለችው ፋሪዳም ከገባች ጀምሮ ቀና ብላ አላየችኝም። ሁለቱም ከእኔ አንድ ቃል እየጠበቁ ነው። ያስጠበቅኋቸውም እኔ ነኝ።

ነገሩን ለማታውቁት ከሥሩ ልንገራችሁ።

ፋሪዳ የወጣቶች ዓምድ አዘጋጃችን ናት። የቡሬ ልጅ ናት፤ አባቷ አቶ መሐመድአወል በርበሬ ነጋዴ ናቸው። አምና «ዘር ያጣ ዓመት» የሚል የወጣቶች ልብ ወለድ አሳተመች። ዓይነቱን ታውቁታላችሁ፤ ልጆቻችሁ በስልክ የሚያዩትን ፊልም አንድ ጊዜ ጎንበስ ብላችሁ ብታዩ እሱው ነው። ዘመኑ ገና የሚመጣ ክፉ ዘመን ነው። ከተማው በግንብ ይታጠራል። ልጆች ዕድሜያቸው ሲደርስ አደባባይ ይጠራሉ። ዕጣ ይወጣል። አንዲት ልጅ ብድግ ብላ «እንቢ» ትላለች።

የፋሪዳም መጽሐፍ እንዲሁ ነው። በሷ ዘመን የዘንድሮ በቆሎ ለከርሞ ዘር አይሆንም፤ ቢዘሩትም አይበቅልም። ዘር የሚገኘው ከአንድ የታጠረ መጋዘን ብቻ ነው። አሥራ አምስት ዓመት የሞላቸው ልጆች ዕጣ ያወጣሉ፤ ዕጣ የወጣላቸው ቤተሰቦች ዘር ያገኛሉ፣ ያልወጣላቸው ልጃቸውን ለመጋዘኑ ሎሌነት ይሰጣሉ።

መጽሐፉ ተነበበ። እንዴት ያለ ንባብ! ቡሬ ላይ የባጃጅ ሾፌር ተሳፋሪ እስኪሞላለት መሪው ላይ ዘርግቶ ሲያነበው በዓይኔ አይቻለሁ። ቢያድግልኝም ፊልም ላድርገው አለ። ከዚያ አንድ የመራዊ ወጣት ቲክቶክ ላይ ወጣና መጽሐፉን ካያቸው ፊልሞች ጋር አስተያየው። ግንብ፣ አለ። ዕጣ፣ አለ። እንቢ ባይ ልጅ፣ አለ። ማሰሪያው ደግሞ እንዲህ ነበር፦ «ወገን፣ ይሄ የፈረንጅ ፊልም ነው፤ ነጠላ አልብሳ አመጣችልን!»

ሰው ሳቀ። ለፊልሙ ወጪ ሊያወጡ የነበሩትም ሰዎች እጃቸውን ሰበሰቡ።

ቢያድግልኝ ደወለልኝ። «ጋሸ፣ ረቂቁን ከመጀመሪያው ያዩት እርስዎ ነዎት። ሰዎቹም የእርስዎን ስም ያውቃሉ። ሥራው የራሷ ነው ካሉኝ ቀረጻ እጀምራለሁ። አይደለም ካሉኝም እተወዋለሁ።»

«ላስብበት» አልሁት።

እናንተ ደግሞ ታውቁኛላችሁ። እኔ በእንዲህ ያለ ነገር «ላስብበት» የምል ሰው ነኝ? ሙንዲር፣ አትደበቅ፤ ያንተን ልናገር ነው። ሙንዲር አንድ ጊዜ ከመራዊ እህል ገበያ ዜና አመጣልኝ። «ከየት አገኘኸው?» አልሁት። «ከቦታው ነዋ ጋሸ! ወላሂ በእግሬ ዞሬ!» አለኝ። የዜናው የመጨረሻ መስመር «ገጻችንን ላይክ በማድረግ ቤተሰብ ይሁኑ» ይላል። በዚያን ጊዜ እኛ ገጽም አልነበረንም። ያንን ለመለየት ሻይዬ እስኪበርድ እንኳ አልፈጀብኝም። ታዲያ የፋሪዳን ለመለየት ከወር በላይ ለምን ፈጀብኝ?

ቀንቼ ነው።

ቃሉን አላለሰልሰውም። ከእናንተ መካከል የእኔን ልብ ወለድ ያልሰማ አለ? የለም። ስለ ግሽ ዓባይ ነው። በሚመጣው ዘመን ምንጩ ይታጠራል፤ ለመጠጣት ልጆች ዕጣ ያወጣሉ፤ አንድ ልጅ ዕጣ ሳይወጣለት በሌሊት ወደ ምንጩ ይነሳል። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ምሳ ሰዓት ላይ አንብቤላችኋለሁ። አሻሽዬም እንደገና አንብቤላችኋለሁ። ትርሲት ገና ሪፖርተር ሳለች «ጋሸ፣ ይሄ ልጅ መቼ ነው ምንጩ ጋ የሚደርሰው?» ብላ ጠየቀችኝ። ኃላፊ ሆና ተሾመች፤ ልጁ ግን አሁንም መንገድ ላይ ነው።

ፋሪዳም ሰምታዋለች። እንግዲህ መጽሐፉ ከመታተሙ በፊት ረቂቋን አምጥታ «ጋሸ፣ ይዩልኝ» ስትለኝ፣ ገለጥሁት፣ ዕጣው ላይ ደረስሁ። «ይኸውና! ዕጣው የእኔ ነው» አልሁ። ብቻዬን ሆኜ ነው ያልሁት። በቀይ እስክሪብቶ አሰመርሁበት። ደስ አለኝ፤ እውነቴን ነው። ሌባ ያገኘ ቅናተኛ ደስታው ልክ የለውም። ሌላም የሰረቀችው ካለ ብዬ ንባቤን ቀጠልሁ።

ከዚያ በርበሬው መጣ።

ያላነበባችሁት ትኖሩ ይሆናል፤ ልንገራችሁ። ልጅቱ በአያቶቿ ዘመን ይዘራ የነበረ፣ እውነተኛ፣ የሚበቅል የዳጉሳ ዘር አግኝታለች። ጥቂት ነው። ጠባቂዎቹ ቤት ለቤት ይፈትሻሉ፤ ጣራ ይገልጣሉ፣ መሬት ይቆፍራሉ፣ ውሻ ይዘው ይዞራሉ። ልጅቱ ዘሩን በጨርቅ ቋጥራ የት ደበቀችው? በርበሬ ጆንያ ውስጥ። ጠባቂው ጆንያውን ይፈታል፣ እጁን ይሰዳል፣ ያስነጥሳል። ዓይኑን በእጁ ያሻል፤ የባሰ ይሆናል። ውሻው ይሸሻል። አባትየው ከደጅ ቆመው «ይማርህ ልጀ! እንደገና ፈትሽ እንጂ፣ ምን ቸኮልህ?» ይሉታል።

እዚህ ላይ ረቂቁን ዘግቼ ወጣሁ። አስፋልቱን ይዤ እስከ አውቶቡስ መናኸሪያው ድረስ ሄድሁ፤ የምሳፈርበት ጉዳይ አልነበረኝም።

ቡሬ ስንት ጊዜ ሄጃለሁ? ከመሐመድአወል መጋዘን ደጅ ቆሜ ስንት ጊዜ አስነጥሻለሁ? እሳቸውም እንዲያው «ይማርህ» ብለውኛል። እኔ መሐረቤን አውጥቼ አፍንጫዬን ጠረግሁ። እሷ ጻፈችው።

አያችሁ፣ የቀናሁት በበርበሬው ነበር። የከሰስኋት ግን በዕጣው ነው። ቅናት የፈለገውን ነገር በስሙ አይጠራም፤ ጎረቤቱን ይዞ ይካሰሳል።

ከቢያድግልኝ ስልክ በኋላ ፋሪዳ ቢሮዬ ገባች። አልተቀመጠችም።

«ጋሸ፣ ከእርስዎ የወሰድሁት ካለ ይንገሩኝ። አወጣዋለሁ።»

«ዕጣውስ?» አልኋት።

«ዕጣው የእርስዎ ነው?»

«ከአንቺ በፊት ጽፌዋለሁ።»

«እሺ፣ ዕጣውን አወጣዋለሁ። እርስዎ ግን አይቀየሙኝ። ይህን ቤት የመጣሁት የእርስዎን ዓምድ እያነበብሁ አድጌ ነው» አለችኝ።

ይህን ስትለኝ ደግሞ የባሰ ቀናሁባት። ደግነትም ያስቀናል ለካ! «ላስብበት» አልኋት ደግሜ።

ለማሰብ ቋሪት ሄድሁ። ገበዘ ማርያም አጠገብ ልጅ ሳለሁ ቅኔ ያስተማሩኝ መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ዛሬም ወንበር ዘርግተው ያስተምራሉ። እዚያ ጉባኤ አንድ ልማድ ነበረን። ቅኔ በየቀኑ አዲስ ነው፤ ትናንት የተባለ ዛሬ አይባልም፣ የጓደኛውን የደገመ ተማሪ መሳቂያ ይሆናል። አንዱ ተማሪ «ቅኔዬን ወሰደብኝ» ብሎ ከከሰሰ መሪጌታ ተከሳሹን አይጠይቁም። «ከሳሽ ይቅደም» ይላሉ። ከሳሽ የራሱን ሙሉውን በጉባኤው ፊት ይላል። ከዚያ በኋላ ነው የተከሳሹ የሚሰማው።

ልማዱን ረስቼው ኖሯል። ሄጄ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ሐሳቤን ወሰደችብኝ ብዬ ከሰስሁ።

«ምንህን?» አሉኝ።

«ዕጣውን።»

«ዕጣን አንተ ነህ የፈጠርኸው? ማትያስ ሐዋርያ የሆነ በምን ኖሯል?»

ተማሪዎቹ ሳቁ። ስድሳ ዓመት የሞላው ሰው የሕፃናት መሳቂያ ሲሆን እንዴት እንደሚያሳፍር አትጠይቁኝ።

«እንግዲያው ከሳሽ ይቅደም» አሉ። «ያንተን ሙሉውን በለው።»

ጀመርሁ። ግንቡን ተናገርሁ፤ ጥሩ አድርጌ ተናገርሁ። ዕጣውን ተናገርሁ። ልጁን ከቤቱ አስነሳሁት፣ ገደሉን አሻገርሁት። ቆምሁ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ… አልጨረስሁትም።»

«መቼ የጀመርኸው ነው?»

«ቆይቷል፣ አባቴ።»

«ቤቱ ያልሞላ ቅኔ» አሉ መሪጌታ፣ «ማን ይሰርቀዋል?»

በዚህ ጊዜ ተማሪዎቹ አልሳቁም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

ሊሸኙኝ በምርኩዛቸው ደጅ ድረስ ወጡ። «ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው» አሉኝ፤ ባለ ሁለት ስንኙን አጭር ቅኔ ማለታቸው ነው። «እኔ አላደረግሁት፣ መምህሬም አላደረጉት፤ ተቀብለነው ነው። የሁላችን ነው። ሁለቱን ቤት በምን ሞላኸው ነው ጥያቄው። ልጅቱ በምን ሞላችው?»

«በበርበሬ» አልኋቸው፤ ነገርኋቸውም።

መሪጌታ ሳቁ። ከልባቸው ሳቁ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ ስለ ውሻው ትዝ አላቸውና እንደገና ሳቁ። እኔ በተማሪነቴ እንዲህ አስቄያቸው አላውቅም። እዚያው ቆሜ እንደገና ቀናሁ።

«ቀንተህ ነው» አሉኝ ፊቴን አይተው። «እኔም በተማሪዎቼ እቀናለሁ። ዛሬ ጠዋት እንኳ አንዱ ያመጣው ቅኔ ቁርሴን ዘግቶብኛል። ‘የእኔ ነው’ ግን አላልሁም። ‘ይበል!’ ነው ያልሁት። የመምህር ሥራው ያ ነው፤ ጥርሱን ነክሶም ቢሆን።»

እንግዲህ ቢያድግልኝ፣ ወዳንተ ልመለስ። ጋዜጠኛ ምስክርነቱን ለይቶ ይሰጣልና ለይቼ ልስጥህ።

ግንቡ ውሰት ነው። አሥራ አምስት ዓመቱም፣ አደባባዩም ውሰት ነው። እንቢ ባይዋም ልጅ ስንት መጽሐፍና ስንት ፊልም ዞራ ወደዚህ የመጣች ናት። የመራዊው ወጣት ያየውን በትክክል አይቷል፤ አልዋሸም። ዕጣውም ውሰት ነው፤ ከእኔ ግን አልተወሰደም። እኔም ድሮ ከተማችን ውስጥ ፊልም ከሚታይበት ቤት አግዳሚ ላይ ቁጭ ብዬ ያገኘሁት ነው፤ ያም ፊልም ከሌላ ቦታ አግኝቶታል። ፋሪዳ፣ ዕጣውን እንዳታወጪው። ባለቤቱ እኔ አይደለሁም፤ ፈቃድ ሰጪም ከልካይም ልሆን አልችልም።

የማይበቅለው ዘር የሷ ነው፤ ገበሬዎቻችን በየዓመቱ ሰኔ ሲገባ የሚጨነቁትን ጭንቀት ሰምታ ነው የጻፈችው። ደጅ ቆመው ይማርህ የሚሉት አባት የሷ ናቸው። በርበሬው የሷ ነው። ይህን መጽሐፍ ከቡሬ ልጅ በቀር ማንም ሊጽፈው አይችልም ነበር። እኔ አልቻልሁም፤ ሞክሬ ነበርና አውቀዋለሁ።

ሥራው የራሷ ነው። ቀረጻህን ጀምር። ለእነዚያ ሰዎችም በእኔ ስም ንገርልኝ።

ቆይ፣ አንድ ነገር ብቻ። ጠባቂ ሆነው የሚጫወቱትን እውነተኛ በርበሬ አስሸትታቸው። የእኛ አገር ተዋናይ ማልቀስ ይችልበታል፤ ማስነጠስ ግን አይችልም።

ፋሪዳ፣ ወር ሙሉ አስጨንቄሻለሁ። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ይቅርታ እጠይቅሻለሁ። ቅናቱ ወጣልዎት ወይ ብትይኝ ግን አልወጣልኝም። ፊልሙ ሲታይ ከፊት ረድፍ ቁጭ ብዬ፣ ሰው በበርበሬው ሲስቅ ሰምቼ፣ እንደገና እቀናለሁ። ከዚያ «ይበል!» እላለሁ። ድምፄ ካልተሰማሽ ሙንዲርን ጠይቂው፤ አጠገቤ አስቀምጠዋለሁ።

ወዳጆቼ፣ ምግቡ ቀዝቅዟል፤ ትርሲት ዓይኗ ሰዓቷ ላይ ነው። ልመርቃችሁና ልቀመጥ።

ለዚህ ቤት ሰላም ይስጥልን። መንገዱን ከፍቶ የቋሪትን ሰው ከቡሬ፣ የመራዊን ከሰከላ ያገናኝልን። ወጣቶቻችሁ የሚያስቡትን ክፉ ዘመን መጽሐፍ ውስጥ ያስቀርልን። የጀመራችሁትን ያስጨርሳችሁ። ሰው የሚቀናበት ሥራ ይስጣችሁ፤ ለሚቀናባችሁም ሰው እውነቱን የሚናገርበት አንደበት አይንፈገው።

አሜን በሉ፣ እንብላ።