የዳልቻ እግርና የአውሮፕላኑ ሆድ

አያ ገዳሙ ለሽምግልና ሄደው ባዶ እጃቸውን የተመለሱበት ጊዜ የለም፤ የአማኑኤል ከተማ ሰው ይመስክር! እንግዲህ የዚያን ቀን ጠዋት ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ከነፍስ አባታቸው ከቄስ ወልደ ሩፋኤል ጋር ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ቆመው መኪና ሲጠብቁ፣ ከሚወርዱት ተሳፋሪዎች መካከል ማን ብቅ ብትል ጥሩ ነው? ያቺው ሊያማልዷት የሚሄዱላት የእህታቸው ልጅ ሶልያና!

«አያ! በደኅና ነው? ወዴት ነው እንዲህ በጠዋቱ?»

«ወዳንቺው አለቃ ነዋ! እግሩ ላይ ወድቀን ልናስመልስሽ።»

ሶልያና ራቅ ባለ ከተማ አየር ማረፊያ ውስጥ የሻንጣ መጫኛ መኪና ትነዳለች። በዚያ ሰሞን መኪናዋ የቆመ አውሮፕላን ሆድ ነካ። ማንም አላየም። እሷ ግን በገዛ እግሯ ሄዳ ለቴክኒሻኑ ተናገረች፤ በረራው ተሰረዘ፤ አለቃዋም ከሥራ አገዳት። «ነፋስ ገፍቶት ነው ካልሽ ትመለሻለሽ» ብሏታል።

«ታዲያ ነፋስ ነው ብትዪ ምን አለበት?» አሉ አያ ገዳሙ። «ነፋስ እንደሆን ተከሶ አይታሰር! እናትሽን አስቢያት እንጂ። ካንቺ ሌላ ማን አላት?»

«ነፋስ አልነበረም፣ አያ። የነዳሁት እኔ ነኝ። ወደ አውሮፕላን ከመጠጋታችን በፊት ራቅ ብለን ቆመን ፍሬን መሞከር አለብን፤ ከዚያ መሬት ላይ የቆመ ሰው በእጁ እየመራን ቀስ ብለን ነው የምንጠጋው። የዚያን ቀን አለቃችን ‹ዘገየን፣ ቶሎ በሉ!› እያለ የሚመራኝን ሰው ለሌላ ሥራ ወሰደው። እኔም እሺ ብዬ ገባሁ። ጥፋቴ ነው። የእሱም ነው። ነፋስ በይ የሚለኝ ለእኔ አዝኖ መሰለዎት?»

«ምን ያህል ነው የጎደጎደው?» አሉ ቄስ ወልደ ሩፋኤል።

«መዳፌን አያክልም፣ አባ።»

«በስመ አብ!» አያ ገዳሙ ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ። «ለዚህች ነው ሰው ሁሉ ከመንገዱ የቀረው? ያን ከሚያህል ብረት!»

«ብረቱ ስስ ነው። ሰማይ ላይ ሲወጣ ውስጡ በአየር ይወጠራል፤ ሲወርድ ይረግባል። ከላይ ትንሽ የምትመስል ጉዳት ከሥር ስንጥቅ ይዛ ከሆነ፣ የምትሰፋው ሰው ተሳፍሮ ሳለ ነው።»

«ቢሆንም ገበናን መሸፈን ያገራችን ወግ ነው!»

ይህች ወግ ስንቱን ጉድ አቅፋ እንደኖረች አያ ገዳሙ አላሰቡትም። ልጂቱ ግን አስባበታለች።

«አያ፣ የሺዋስን ለምንድን ነው ሰላም የማይሉት?»

«ደግሞ እሱን ምን አመጣው?»

«ይንገሩኝ እንጂ።»

«የማታውቂ ይመስል! እሱ አንድ በሬ፣ እኔ አንድ በሬ፤ በመቀናጆ አብረን ስናርስ ኖርን። በእሱ ተራ ዳልቻዬን ማረሻ እግሩን ወጋው። ቁስሉን ጭቃ ለቅልቆ፣ ምንም እንዳልሆነ አድርጎ መለሰልኝ። እኔ ምኑን አውቄ! በማግሥቱ ጠመድኩት፤ ተዳፋቱ ላይ እግሩ ከዳውና ከነቀንበሩ ተንከባለለ። ቁስሉን ያየሁት ከሞተ በኋላ ነው። ዳልቻዬ!»

«ስለወጋው ነው የተቀየሙት?»

«ምን ነካሽ? ማረሻ የማንን በሬ ሳይወጋ ይቀራል? ጭቃውን ነው እንጂ! ቢነግረኝ አሳርፈው አልነበር…»

ሶልያና አልማረቻቸውም። «እኔንም ጭቃ ለቅልቂ ነው የሚሉኝ። አልለቀልቅም! ሥራውን ይውሰዱት። ነገ እርስዎ ራስዎ ቢሳፈሩበትስ?»

«ገዳሙ፣ አፍ አስያዘችህ» አሉ ቄሱ።

አያ ገዳሙ ጋቢያቸውን ደግመው አጣፉና ወደ ሚኒባሱ ረዳት ዞሩ። «ሦስት ሰው ነን!»

አየር ማረፊያው ሲደርሱ አለቃው ሽማግሌዎቹን በክብር ተቀበለ። «አባቶቼ፣ ስለ ነፋሱ ታስረዳና ነገ ሥራዋን ትጀምር» አለ ፈገግ ብሎ።

«ነፋስ የለም!» አያ ገዳሙ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ስማኝ ልጄ፣ ምሕረት ልንለምን አልመጣንም። ልጃችን አጥፍታለች፤ ስለ ጥፋቷ ብትቀጣት አንከፋም። ስለተናገረች ግን አትቀጣትም! ዛሬ የተናገረችውን ካባረርክ፣ ነገ የነካ ሁሉ ዝም ብሎ ይሄዳል። ያን ጊዜ ለተሳፋሪው እናት ምን ትላታለህ?»

አለቃው ግን «ነፋስ ነው ካላለች ሥራ አትገባም» አለ። ሽማግሌዎቹም በዚህ አላበቁም፤ ነገሩን ከእሱ በላይ ላሉት አደረሱት። ቴክኒሻኖቹ ቀለሙን ፍቀው ሲያዩ ከሥር ስንጥቅ አገኙ። ሶልያና ስለ ጥፋቷ ተቀጥታ፣ እንደገና ሠልጥና ወደ ሥራዋ ገባች። ዛሬ እዚያ ሜዳ ላይ ያለ መሪ ሰው ወደ አውሮፕላን የሚጠጋ መኪና የለም። የነካ ሰው ሳይፈራ ይናገራል፤ የተነካውም ሳይመረመር አይነሣም፤ ተሳፋሪውም በሰላም አገሩ ይገባል።

አያ ገዳሙ ግን አማኑኤል እንደተመለሱ ቤታቸው አልገቡም። በቀጥታ የሺዋስ ደጅ ሄደው ቆሙ።

«የሺዋስ! ውጣ! ስለ እግሩ ድሮ ይቅር ብዬሃለሁ። ጭቃውን ግን ዛሬ በአፍህ ትነግረኛለህ፤ ሳትነግረኝ ከዚህ ንቅንቅ አልልም!»

የሺዋስ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተ። ከዚያ «ግባ፣ ልንገርህ» አለ።