የቡሬ ጾም

ከሆሳዕና ገበያ በተሳፈርኩበት ባጃጅ አጠገቤ የተቀመጡት ሁለት ሴቶች ወሬያቸው ድመት ነበር።

«ከሦስቱ ድመቶቼ ሁለቱ ደህና ናቸው። ቡሬ ግን ወፍሮ በመስኮት መግባት አቃተው።»

«የሁለቱን እየበላባቸው ነዋ!»

«እሱንማ የእንስሳት ሐኪሙ ነግሮኝ ምግባቸውን ለየሁ። የእነሱን ቁምሳጥን ላይ አወጣሁት። እሱ መዝለል አይችልም።»

«ታዲያስ?»

«ጭራሽ ባሰበት።»

«በጾም ሞክሪዋ። ቤትሽ ሥጋ አይገባ፣ ወተት አይገባ።»

«ሁዳዴን ሙሉ ሞከርኩ እኮ! እኛ ስንጾም ጴንጤዎቹ ጎረቤቶቻችን ጋ ይበላል። እሁድ እነሱ ቸርች ሲሄዱ ሙስሊሞቹ ጋ ይገባል።»

«በረመዳንስ?»

«አፍጥሮ ይመጣል።»

«ወይ ጉድ! አትነግሪያቸውም?»

«ቤት ለቤት ዞሬ ለመንኳቸው፣ ሁሉም አናበላውም ብለው ማሉልኝ። አሁን ደግሞ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ አዲስ ተከራይ ገብቷል አሉ። የቡሬን ቆራጣ ጆሮ አይቶ፣ ‹ምስኪን፣ ባለቤት የለውም› እያለ ሳንባ ይገዛለታል። ባገኘሁት!»

የሳንባውን ፌስታል ቀስ ብዬ ጃኬቴ ውስጥ ሸጎጥኩና፣ ገና ወፍጮ ቤቱ ሳንደርስ «ወራጅ አለ» አልኩ።